ቫቲካን ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሠራው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የታሪክ ክበባችን ለወላጆች ቀን አውደ ርዕይ እያዘጋጀ ነው። ሮም የምትኖረው እህቴ ቫቲካን ውስጥ ‹የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ› የሚባል ጥንታዊ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነግራኛለች። ተማሪዎቼ ከኢንተርኔት ፎቶ አውርደው ‹አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቫቲካን ውስጥ ያሠሩት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን› የሚል ባነር ሊያሳትሙ ነው። ሕንፃው ክብ ስለሆነ የእኛ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል ባይ ናቸው። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ‹እዚያ የነበሩት መነኮሳት ካቶሊክ ሆነው የቀሩ ናቸው፤ ከእኛ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?› ብሎ ሞገተን። ትክክሉ የቱ ነው? ክረምት ላይ እህቴን ለመጠየቅ ሮም እሄዳለሁ። ገብቼ ማየትስ እችላለሁ? ፎቶውን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ባነሩን አያሳትሙት። ፎቶው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤቱን የሠሩት ኢትዮጵያውያን አይደሉም። ለኢትዮጵያውያን ሲሰጥም አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ካረፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ባልደረባዎም ቢሆኑ ልክ አይደሉም። ቤቱ ከእኛ ታሪክ ጋር በጣም ይገናኛል፤ የሚገናኘው ግን ተማሪዎችዎ ባሰቡት በኩል አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፎቶው ልጀምር። የላኩልኝ ክብ ሕንፃ ሳንቶ ስቴፋኖ ሮቶንዶ ይባላል። «ሮቶንዶ» በጣሊያንኛ ክብ ማለት ነው። ቫቲካን ውስጥ አይደለም፤ ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ፣ ከኮሎሲየም ብዙም በማይርቀው የቼሊዮ ኮረብታ ላይ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በጣም የተከበረ የሮማውያን ሥራ ነው። በኋላ ዘመን ከሃንጋሪ ሰዎች ጋር ተቆራኝቷል እንጂ ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም። ስህተቱ ግን የሚገርም አይደለም። ስሙ እስጢፋኖስ፣ ቅርጹ ክብ፤ በየገጠሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን እያየ ያደገ ልጅ «ይሄማ የእኛ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ግን ተማሪዎችዎ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ክብ መሆን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ መለያ አይደለም። የቆዩት ቤተ ክርስቲያኖቻችን ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በድንጋይና በእንጨት ረድፍ የተገነባ፣ ረዘም ያለ ቤት ነው። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለምም እንዲሁ ነው፤ ዓምዶቹ ቤቱን በርዝመቱ አምስት ቦታ ይከፍሉታል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እየተቃቀፉ የሚዞሩበት ክብ አሠራር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን «ክብ ነው፣ ስለዚህ የእኛ ነው» ማለት አያስኬድም። ደግሞም ትክክለኛው የሐበሾች እስጢፋኖስ ራሱ ክብ አይደለም። ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው።

ሌላም ፎቶ ሊያሳስታችሁ ይችላል። «ኢትዮጵያ፣ ቫቲካን» ብላችሁ ስትፈልጉ ባለ ፎቅ፣ መስኮቱ የበዛ ሕንፃ ሊመጣ ይችላል። እሱ ጳጳሳዊው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ፖፕ በነዲክቶስ 15ኛ በ1919 ያቋቋሙት፣ በኋላ ፖፕ ፒዮስ 11ኛ በቫቲካን አትክልት ቦታ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ያሠሩለት የካህናት ኮሌጅ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚሄዱ ካህናትና ተማሪዎች ያርፉበታል። ከቫቲካን አጥር ውስጥ ያለ ብቸኛው ኮሌጅም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ታሪኩ የተያያዘ ነው፤ ሕንፃው ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን» ብላችሁ እሱን እንዳትለጥፉት።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ቤቱ። ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ ማለትም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ነው። አደባባዩ ላይ ቆሞ ባሲሊካውን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው አያየውም፤ ሕንፃው ይጋርደዋል። በትውፊት መሥራቹ ፖፕ ሊዮን 1ኛ ናቸው ይባላል፤ ይህ ማለት 5ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በጽሑፍ ጠንከር ያለ ማስረጃ የሚገኘው ግን ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከ9ኛው መጀመሪያ፣ ከፖፕ ሊዮን 3ኛ ዘመን ነው። አውደ ርዕዩ ላይ «5ኛው ክፍለ ዘመን» ብላችሁ ከጻፋችሁ «በትውፊት» የምትለዋን ቃል አትርሷት።

በዚያን ጊዜ ስሙ የሐበሾች አልነበረም። «ታላቁ ቅዱስ እስጢፋኖስ» ይባል ነበር። አጠገቡ «ትንሹ ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ሌላ ስለነበር ነው ታላቁ የተባለው። ሁለቱም የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካን የሚያገለግሉ ገዳማት ነበሩ። የመነኮሳቱ ዋና ሥራ ሌትና ቀን በየሰዓቱ ባሲሊካው ውስጥ ገብተው መዝሙረ ዳዊት ማዜም ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ። ገዳሙ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በፖፕ እስክንድር 3ኛ ዘመን እንደገና ተሠራ።

የሕንፃው መሠረታዊ አቀማመጥ ባሲሊካ የሚባለው ነው። ሰው ሲገባ ረጅም አዳራሽ ያገኛል። ሁለት የዓምድ ረድፎች አዳራሹን በርዝመቱ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ መሐሉ ሰፊና ከፍ ያለ፣ ሁለቱ ጎኖች ጠበብና ዝቅ ያሉ ናቸው። በዓምዶቹ መካከል ቅስቶች አሉ። መጨረሻ ላይ መንበሩ የሚቆምበት፣ ወደ ውጭ የጎበጠ ከፊል ክብ ግድግዳ አለ። በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ዓምድ መጥረብ ብዙም አልተለመደም፤ ከፈረሱ የጥንት ሕንፃዎች እየተነቀለ ይመጣ ነበር። የእስጢፋኖስም ዓምዶች እንዲህ ከጥንት ሕንፃ የመጡ ናቸው።

ዛሬ የሚገባ ሰው ግን ሦስቱን ክፍል አያይም። ባለ አንድ አዳራሽ ቤት ነው የሚያየው። ጎንና ጎን ያሉት ክፍሎች ተቆርጠው ቀርተዋል፤ በዓምዶቹ መካከል የነበሩት ክፍት ቅስቶች በግንብ ተደፍነዋል። ዓምዶቹ ከነቅስቶቻቸው ግድግዳ ውስጥ ተውጠው ነው የሚታዩት።

ይህን ለተማሪዎችዎ ለማስረዳት ሮም መሄድ አያስፈልግም። እኔ የምሠራው በቆዩ ሕንፃዎች ጥበቃ ላይ ነው፤ ወጣት ባለሙያዎችን ይዤ ስወጣ በድሮው የአዳማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት አሮጌ ቤቶች እጀምራለሁ። አንድ ቤት አለ፤ የፊቱ ግድግዳ ልስኑ ተልጧል። በተላጠው በኩል ቀረብ ብሎ ለሚያይ፣ ድንጋዩ በቅስት ቅርጽ ተደርድሮ ይወርድና በድንገት ብሎኬት ይጀምራል። በሩ ጠቦ መስኮት ሆኗል፤ ዕቃ የሚጫንበት ሰፊ በር የነበረው ዛሬ ሱቅ ነው። ግድግዳው ማን መቼ እንደነካው ራሱ ይናገራል። ድንጋዩ የመጀመሪያው ዘመን፣ ብሎኬቱ ሁለተኛው፣ ልስኑ ሦስተኛው ነው። ልጆቹን እዚያ ያቁሟቸውና «ስንት ዘመን አያችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። እስጢፋኖስ የሚነበበውም እንዲሁ ነው።

እስኪ ዘመኖቹን ከላይ ወደ ታች እንቁጠራቸው። ከውጭ የሚታየው የፊት ገጽታ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በፖፕ ክሌመንት 11ኛ ጊዜ የተለበሰ ነው። ቀለል ያለ ነው። ብዙ ሰው እሱን አይቶ «ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ የተባለለት?» ይላል። ነገር ግን በዚያ ገጽታ መሐል የቀረው በር የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መቃንና ጉበኑ የተቀረጸ እብነ በረድ ነው። በመቃኖቹ ላይ የሚታጠፍና የሚዞር ሐረግ ይወጣል። ጉበኑ ላይ መስቀል ያለው በግ አለ፤ የእግዚአብሔር በግ ምሳሌ። የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ኢትዮጵያዊ እዚያ በር ላይ ሲደርስ መቆሙ አይቀርም። የእኛ ጸሐፊዎች በየምዕራፉ ራስ ላይ የሚሥሉትን ጌጥ «ሐረግ» ብለው የጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተክሉ ሲሳብና ሲጠመጠም ይታያልና። አንዱ ከሌላው ተቀድቷል እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ከቆየ የክርስትና ጥበብ የሚጠጡ ናቸው። ለእኔ የቤቱ ትልቁ የጥበብ ሥራ ይህ በር ነው፤ ፊቱ ላይ ጊዜ ይውሰዱ።

በፖፕ ፒዮስ 11ኛ ዘመን ደግሞ ቤቱ ተጠንቶ ታድሷል። በኋላ የተደረቡት ነገሮች ተነሥተው አሮጌው ግንብ እንዲታይ የተደረገው ያኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ጥንታዊ» ሆኖ የሚታየው መልክ በከፊል የ20ኛው ክፍለ ዘመን አዳሾች ምርጫ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የታሪክ መምህርት ግን ማወቅ ያለባት ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ፣ በአሠራሩ ዕድሜ ቫቲካን ውስጥ ከቆሙት ቤተ ክርስቲያኖች ሁሉ የቆየው እሱ ነው። የዛሬው ታላቁ ባሲሊካ እንኳ ከእሱ ያንሳል። አሮጌው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ፈርሶ የአዲሱ መሠረት የተጣለው በ1506 ነው፤ የተመረቀውም በ1626። ትንሹ ቤት ያን ሁሉ ማፍረስና መገንባት ከጎን ሆኖ አልፎታል።

ኢትዮጵያውያን መቼ ገቡበት? አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1441፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የምሥራቅና የምዕራብ ቤተ ክርስቲያኖችን አንድ ለማድረግ ፍሎሬንስ በተደረገው ጉባኤ ተገኝተዋል፤ ሮምንም ተሳልመዋል። የባነሩ ስህተት ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። የላኳቸው ግን በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አበምኔት የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። ንጉሡ ቫቲካን ውስጥ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የለም። ቤቱን ለሐበሻ መነኮሳት የሰጡት ፖፕ ሲክስቶስ 4ኛ ናቸው፤ ጊዜውም 1479 አካባቢ ነው። በስማቸው የሚጠራውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ያሠሩት እኒሁ ፖፕ ናቸው። በ1481 ደግሞ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ሮም ገብተው ነበር። እኛ ጋ ያኔ በዙፋን ላይ የነበረው ልጅ ንጉሥ እስክንድር ነው።

ለምን ሰጡ? በደግነት ብቻ አይደለም። የኦቶማን ቱርኮች ጣሊያንን ያሰጉ ነበር፤ በ1480 ደግሞ ደቡብ ጣሊያን ገብተው ኦትራንቶን ያዙ። ሮም በምሥራቅ በኩል ክርስቲያን ወዳጅ ትፈልግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን አንድነት ተስፋም ነበራት። በሌላ በኩል ከኢየሩሳሌም ተነሥተው የጴጥሮስና የጳውሎስን መቃብር ሊሳለሙ የሚመጡ ሐበሾች ነበሩ፤ እነሱ ማደሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። የሁለቱም ፍላጎት ተገናኘ። ቤቱ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገዳምም፣ የእንግዳ ማረፊያም ሆነ።

አሁን የባልደረባዎ ጉዳይ። «ካቶሊክ ሆነው የቀሩ» የሚለው ለሁሉም አይሠራም። የዛሬው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የራሱ መዋቅርና ጳጳሳት ያሉት ሆኖ የተደራጀው ብዙ ቆይቶ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ ቤት የገቡት ከደብረ ሊባኖስና ከመሳሰሉት ገዳማት የወጡ መነኮሳት ናቸው። በግዕዝ ይቀድሳሉ፣ በግዕዝ ያዜማሉ። አንዳንዶቹ ከሮም ጋር ያለውን አንድነት ተቀብለዋል፤ አንዳንዶቹ ተሳልመው ተመልሰዋል። ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልሎ ወዲያ ማለት ታሪኩን ማጉደል ነው። የዛሬውን የሃይማኖት ድንበር ወስዶ እዚያ ዘመን ላይ ማስመርም አይገባም። አዳማ ላይ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም በአንድ ክፍል ተቀምጦ ስለሚማር፣ አውደ ርዕዩ ይህን በጥንቃቄ ቢያስቀምጠው ይሻላል። «እነሱ የእኛ ነበሩ፣ እናንተ ወሰዳችኋቸው» የሚል ነገር እንዳይመጣ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? ለእኔ መልሱ ቋንቋችን ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ የወጣው አዲስ አበባ አይደለም፣ ጎንደርም አይደለም። ሮም ነው፤ በ1513። መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ካህን ነው። ሮም ሳለ ሐበሾች ሲያዜሙ ሰማ። ምን ቋንቋ እንደሆነ ገርሞት ወደ መነኮሳቱ ሄደ፤ አባ ቶማስ የተባሉ መነኩሴ አስተማሩት። ቋንቋውን «ከለዳውያን» ነው ብሎ ተሳስቷል፤ መጽሐፉ ግን ግዕዝ ነው። ልብ ይበሉልኝ ያልኩት ይህን ነው። በዚያ ሰፈር በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት ዳዊት ያዜሙ ነበር። ከዘመናት በኋላ ሐበሾች እዚያው ሰፈር በግዕዝ ሲያዜሙ የሰማ አንድ እንግዳ ያንኑ ዳዊት አሳተመው።

ከዚያ አባ ተስፋ ጽዮን መጡ። ደብረ ሊባኖሳዊ ናቸው። ገዳማቸው በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ሲጠፋ ተሰደው በኢየሩሳሌም በኩል በ1530ዎቹ ሮም ገቡ። ፈረንጆቹ «ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ» ይሏቸው ነበር፤ «ጴጥሮስ ህንዳዊ» ያሏቸውም አሉ፤ በዚያ ዘመን አውሮፓ ኢትዮጵያንና ህንድን ትቀላቅል ነበርና። በ1548 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ፤ በተከታዩ ዓመት ተጠናቀቀ። ጊዜውን ያስቡት። ማይክል አንጄሎ የአዲሱ ባሲሊካ ዋና አርክቴክት ሆኖ ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ከምናምን ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ከግቢያቸው ወጣ ባሉ ቁጥር የሚያዩት የድንጋይ ክምርና መወጣጫ እንጨት ነበር ማለት ነው። መጽሐፉ ላይ አንባቢን ይቅርታ የጠየቁበት ቃል አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል። ፊደሉን የሚለቅሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ይላሉ። ስደተኛ መነኩሴ፣ ማተሚያ ቤት ቆሞ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው እያንዳንዷን ፊደል እያሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚሁ በእስጢፋኖስ ነው።

ሦስተኛው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የመካነ ሥላሴ ሰው። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ሮም መጥቶ አገኛቸው። መጀመሪያ ሲገናኙ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ በመጽሐፍ ግዕዝ እየተፈላለጉ ጀመሩ። በኋላ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄደው አስተምረውታል። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። እርስዎና እኔ አሁን የምንጻጻፍበት ቋንቋ ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ከእኒህ ሰው አፍ ተወስዶ ነው። እሳቸው ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

ስለዚህ ባልደረባዎ «ምን አገናኘው?» ሲሉ፣ በአማርኛ ነው የጠየቁት ይበሏቸው። ባነሩን ደግሞ እንዲህ እንዲያደርጉት እመክራለሁ፦ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ቫቲካን። ሮማውያን ሠሩት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠ። የመጀመሪያውን የታተመ የግዕዝ አዲስ ኪዳን ያዘጋጁት አባ ተስፋ ጽዮን እዚህ ተቀብረዋል።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቢጠየቅ ማስረጃ አለው። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የበሩን ፎቶ ተጠቀሙ፤ ትክክለኛው መሆኑን በበጉና በመስቀሉ ታውቁታላችሁ። ከባነሩ ጎን የሕንፃውን ንድፍ ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉት፤ የድሮውን ሦስት ክፍል በነጠብጣብ መስመር፣ ዛሬ የቀረውን በደማቅ መስመር። ባሲሊካ የሚለውን ነገር ያኔ ነው የሚይዙት።

ወደ ጉዞዎ ስመጣ፣ ተስፋዎን በልክ ያድርጉት። ቤቱ ለጎብኚ በየቀኑ ክፍት አይደለም። ያለው የቫቲካን ግዛት ውስጥ፣ ያለ ፈቃድ በማይታለፍበት በኩል ነው። የስዊስ ዘብ በር ላይ ቆሞ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያናችንን ላይ ነው» ማለት አያስገባም። የቫቲካን አትክልት ቦታ ጉብኝት አለ፤ በቫቲካን ሙዚየሞች በኩል አስቀድሞ ይያዛል። እሱን ቢይዙም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያስገቡኛል ብለው አይቁጠሩ። የተሻለው መንገድ ለኢትዮጵያ ኮሌጅ ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ደብዳቤ መጻፍ ነው። ማን እንደሆኑ፣ ለምን ማየት እንደፈለጉ፣ የሚገኙባቸውን ቀናት ይግለጹ፤ ከትምህርት ቤትዎ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያያይዙ። ላይፈቀድ ይችላል፤ ይህን ከአሁኑ ይቀበሉት። «እኔ አስገባሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ግን አይክፈሉ።

ካልተፈቀደልዎ ባዶ እጅዎን አይመለሱም። ታላቁ ባሲሊካ መግቢያ ላይ፣ መሐለኛው የነሐስ በር በ1445 የተጠናቀቀ፣ ፊላሬቴ የተባለ ጣሊያናዊ ቀራጭ ሥራ ነው። ከአሮጌው ባሲሊካ ተነቅሎ ነው አዲሱ ላይ የተገጠመው። ትልልቆቹን የቅዱሳን ምስሎች ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እርስዎ በእነሱ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ረድፎች ይዩ፤ የፍሎሬንስ ጉባኤና ከምሥራቅ የመጡት መነኮሳት ተቀርጸውበታል። ከዚያ ጉልበትዎ ከፈቀደ ጉልላቱ ላይ ይውጡ። ሙሉውን በእግር ከሆነ 551 ደረጃ ነው፤ ሊፍቱም የሚያደርሰው እስከ መሐል ብቻ ነው። ከላይ ወደ አትክልቱ ቦታ፣ ማለትም ከአደባባዩ በተቃራኒ ይመልከቱ። ልብ ብለው ይፈልጉት፤ ከባሲሊካው ጀርባ ሥር ነው፣ ከዚያ ከፍታ ሲያዩት በጣም ትንሽ ነው የሚመስለው።

ከተፈቀደልዎ ደግሞ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፣ ፓስፖርትዎን ይያዙ። ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁ። መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ግድግዳ የዋጣቸውን ዓምዶች ይዩ። መጨረሻ ላይ የመቃብር ድንጋዮቹ ጋ ይሂዱ። በግዕዝ ፊደል የተጻፉ አሉ። ደብተርና እርሳስ ይዘው ይግቡ፤ ፎቶ ቢከለከሉ እንኳ ፊደሉን በእጅዎ ይገልብጡት። ሳይቸኩሉ፣ ያልገባዎትን ፊደል ቅርጹን ብቻ እየሣሉ። አዳማ ሲመለሱ ለልጆቹ ይስጧቸውና ራሳቸው ያንብቡት።